በስንተኛው ቤት

በ2011 ዓ.ም. ጥር ሃያ ሁለት ቀን፣ አስተርእዮ ማርያም በዋለች ማግስት፣ አባቴ ቤታችን ለመጡ ሦስት ሽማግሌዎች እኔና ሊያገባኝ የጠየቀኝ ሰው ሰባት ቤት ያልሞላን ዘመዳሞች እንደሆንን ተናገሩ። ዘመዳሞች አይደለንም። የተፈጸመብኝ በደል ይህ ነው። ላሳንሰውም ሆነ ላገዝፈው አልፈልግም።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሁለት ሰዎች ወደ ላይ እስከ ሰባት ትውልድ ሲቆጠር አንድ አያት ላይ ከተገናኙ አይጋቡም። ትውልዱን “ቤት” እንለዋለን። ቆጠራው የሁሉም ሰው ሙያ አይደለም። በላሊበላ ዙሪያ ከሚቆጥሩት ጥቂቶች አንዱ አባቴ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ከዐለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ማሕሌት ይመራሉ። ልጁን ሊድር ያሰበ ሰው ከሙጃም ከወገል ጤናም መጥቶ ያስቆጥራቸዋል፤ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን በመቋሚያቸው ላይ እያሳለፉ ይቆጥሩና “ይሆናል” ወይም “አይሆንም” ይላሉ። ማንም መልሶ አይመረምራቸውም። ሐሰቱ የጸናው ስለዚህ ነው።

ሽማግሌዎቹ በዚያ ጠዋት የመጡት ለሁለተኛ ጊዜ ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ አባቴ እንደ ወጉ “ዘመድ ላማክር” ብለው ሸኝተዋቸዋል። አሁን በሩን አልፈው ግቢው ውስጥ ቆሙ። በሩ የብረት ነው። ላሜራውን ቆርጦ፣ ቱቦላሬውን በይዶ፣ አረንጓዴ ቀለም የቀባው ሽማግሌ የላከው ሰው ራሱ ነው። እኔ ጓዳ ነበርሁ፤ በመጋረጃው በኩል ሁሉም ይሰማል።

“ቁጭ በሉ እንጂ፤ ምነው ቆማችሁ?” አሉ አባቴ።

“መሪጌታ፣ ደኅና ቃል ሳንሰማ ወገባችን አይታጠፍም” አሉ በዕድሜ ትልቁ ሽማግሌ። “የእኔማ አንዴ ከታጠፈ ለማንሣት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ስለዚህ አስቀድመው ይንገሩን።”

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ልጁ ሸጋ ልጅ ነው። በላቡ የሚያድር፣ ሰው የማይነካ። ክፉ የምለው የለኝም። ነገር ግን ቆጠርሁ። በእናት በኩል እንገናኛለን። ሰባት ቤት አልሞላም። ወንድምና እኅት ማለት ናቸው።”



“እንግዲያስ ሥጋ ነና” አሉ ትልቁ ሽማግሌ። “ልጅ ልንወስድ መጥተን ዘመድ ይዘን ልንመለስ ነው። ይህም አይከፋም፤ አሁን እንቀመጥ።”

ተቀመጡ። ጠላ ቀረበላቸው፤ መርቀው ሄዱ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ “ማን ላይ ነው የሚገናኙት?” ብሎ አልጠየቀም። በሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢሰማ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ይመስለኛል። በእኛ ዘንድ መሪጌታን እንዲህ ብሎ መጠየቅ የቅዳሴ ዜማ መሃል ገብቶ ማረም ማለት ነው።

ሰውየው በያጅ ነው። በገበያው መውረጃ ላይ የብየዳ ቤት አለው። አባቱ በሙጃ በኩል ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ወናፋቸውን እየነፉ ማረሻና ማጭድ ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ገበሬው ማረሻቸውን ይገዛል፤ ሲመሽ ግን እሳቸው በሚያልፉበት መንገድ ልጁ እየበላ ከሆነ ምግቡን በነጠላ ይሸፍንበታል። ይህ ስለ ባለ እጅ የሚነገረው ነገር ነው፤ ዐይናቸው ይበላል ይባላል። እኛ ቤት ቃሉ ተጠርቶ አያውቅም። አባቴ ጨዋ ሰው ናቸው። የጎዳኝም ጨዋነታቸው ነው። “የቀጥቃጭ ልጅ ልጄን አያገባም” ብለው ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ፤ ለሽማግሌዎቹም፣ ለንስሐ አባቴም፣ ለእሳቸውም እመልስ ነበር። ዘመድ ናችሁ ለተባለ ግን መልስ የለም። ቅር የሚለው ሰው የለም፣ የተሰደበ የለም፣ የሚከሰስ የለም። ነውሩ ሁሉ በሥርዓት ተሸፈነ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጽና፣ ዕጣን የሚታጠንበት ማለቴ ነው፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ የሚወሰደው ወደ እሱ ብየዳ ቤት ነበር። ለሰንሰለቱ ቤት አልተቆጠረም።

የተዋወቅነው በመጽሐፍ መደርደሪያ ምክንያት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የሰበሰብኋቸው መጻሕፍት ወለል ላይ ተደርድረው ምስጥ ስለጀመራቸው የብረት መደርደሪያ እንዲሠራልኝ ጠራሁት። ግድግዳውን በሜትር ለካ፤ ቱንቢውን ጥሎ ጥቂት ተመለከተ።

“ግድግዳችሁ ጠማማ ነው” አለ። “መደርደሪያው ቀጥ ያለ ይሁን ወይስ ለግድግዳው አዝኜ ላጣምመው?”

“ቀጥ ይበል።”

“ይታያል እኮ። ሰው ሲገባ ግድግዳው መጥመሙን ያን ጊዜ ነው የሚያውቀው።”

“ይወቅ።”

ከዚያ በኋላ መደርደሪያውን ለመሥራት ከሚያስፈልገው በላይ ቆየ፤ እኔም ከሚያስፈልገው በላይ ሐሳቤን ለዋወጥሁ። ይህን ያህል ብቻ እጽፋለሁ። የቀረው የእኔና የእሱ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከተመለሱ በኋላ በነበረው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘሁት። ነጠላውን አስተካክሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ “እንደምን አደርሽ፣ እኅቴ” አለኝ።

“ታምነዋለህ?”

“አባትሽ ቆጥረዋል። እኔ የምቆጥረው የብየዳ ኤሌክትሮድ ነው።”

“አልጠየቅሁህም ማን እንደቆጠረ።”

ወዲያና ወዲህ አየ። “ማመን አለማመኔ ምን ያደርጋል? ቃሉ ወጥቷል። የሰሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አሁን ላሊበላ በሙሉ ያውቀዋል። ቃሉ ካልተነሣ አንቺ እኅቴ ነሽ።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኅቴ ይለኛል። አንድም ጊዜ ተሳስቶ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሌላም አላገባም። እኔም አላገባሁም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ የዶክትሬት ጥናቴን ጨረስሁ፤ አሁን አስተምራለሁ። የጥናቴ ርዕስ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የርስትና የትውልድ ማስታወሻዎች ናቸው። ዓመታት የፈጀብኝ ሥራ ያስተማረኝን በአጭሩ ብናገር፣ አንድ ስም ከሌላው ስም የሚያያዘው በመካከላቸው ባለው ስም እንጂ ያያያዘው ሰው ባለው ማዕረግ አይደለም። መካከሉ ባዶ ከሆነ ትውልድ አይባልም፤ ንግግር ነው።

ስለዚህ በአንድ የክረምት ዕረፍት ሥራዬን በራሴ ላይ ሠራሁ። የአባቴን ወገን እሳቸው ራሳቸው በልጅነቴ አስጠንተውኛል፤ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። የእናቴን ወገን ከአክስቶቼ ሰማሁ። ከዚያ ሙጃ ወጥቼ የሰውየውን እናት አነጋገርሁ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ባቄላ ይፈለፍሉ ነበር። የመጣሁበትን ስነግራቸው እጃቸውን ሳያቋርጡ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ወጡ፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። ገረመኝ፤ እንዴት እንደያዙት ጠየቅኋቸው።

“የእኛን ወገን መቁጠር ምን ያስቸግራል፣ ልጄ?” አሉ። “ከእኛው በቀር ማን አግብቶን ያውቃል? ዞረን ዞረን እኛው ነን። ይልቅ የእናንተ ነው ጭንቁ፤ ስንቱ ቄስ ከስንቱ ባላባት።” ሳቁ። ከዚያ ባቄላውን ትተው አዩኝ። “አባትሽ በየት በኩል ነው አሉ እኛን ያገኙን?”

“በእናት በኩል።”

“በማን እናት?”

ሽማግሌዎቹ ያልጠየቁትን ጥያቄ የጠየቁ የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ነበሩ።

በሴት በኩል የሚወጣው ሐረግ ብዙ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁሉንም አሟጥጬ ዘግቻለሁ አልልም። ያገኘሁት ግን አንድም መገናኛ የለውም። የሴትዮዋ ቃል ደግሞ ከእኔ ፍለጋ ይበልጥ ይመዝናል። ለትውልዶች ማንም ያላገባቸው ሰዎች ከእኛ ጋር ሥጋ ከሆኑ፣ የሆነ ዘመን ላይ አንድ ሰው ተሻግሯል ማለት ነው። ወይ ከእኛ አንዱ ወደ እነሱ ሄዷል፤ ወይ ከእነሱ አንዷ ወደ እኛ መጥታለች። ይህም ከሆነ በእኛም ደም ውስጥ ቀጥቃጭ አለ። አባቴ ይህን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። “አባትሽ ካሉ ብለዋል፤ እኔ በመሪጌታ ቆጠራ ላይ ምን እጨምራለሁ?” አሉኝ። ጥሩ ሰው ናቸው። ከዚህ በላይ አልጠበቅሁም።

በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ እንግዳ ከላሊበላ ቀረ። ሆቴል የሚሠራ ሰው ጠፋ፤ በርና መስኮት የሚያሠራም አብሮ ጠፋ። የብየዳ ቤቱ ሥራ የተሰበረ አልጋና የባጃጅ ጭስ ማውጫ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነው ሰውየው ብርዱ የሚከብድ አንድ ሩቅ አገር በያጅ እንደሚፈልግ የሰማው። የሚፈልጉት ለኮንትራት አይደለም፤ ሙያው ያለው ሰው መጥቶ ለዘለቄታው እንዲኖር ነው። ቋንቋውን በማታ ተማረ። አዲስ አበባ ወርዶ ተፈተነ፤ ከበየደው ቱቦ ላይ ቁራጭ ቆርጠው በማሽን አጎበጡት፤ ብየዳው አልተሰነጠቀም። ከረጅም ጥበቃ በኋላ ፈቃዱ መጣ። ያ አገር የአባቱን ሥራ አልጠየቀም ማለት አልችልም፤ ጠይቋል። “ብረት ሠሪ” ብሎ ሲመልስ ደግሞ ልምዱ ከልጅነቱ የጀመረ ነው ብለው ተደሰቱበት። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝ አልሳቀም።

ያ አገር የብራና ኅዳግ የሚያነብ ሰው አልጠየቀም። ይህ አያስከፋኝም። የሚያስፈልጋቸውን ያውቃሉ፤ በግልጽም ይናገራሉ። ከዚያ አገር ጋር ጠብ የለኝም።

ወሬው ላሊበላ በደረሰ በሳምንቱ ወንድሜ ብየዳ ቤት ገባ። ወንድሜ ዲያቆን ነው፤ ከአባቴ ዘንድ ዜማ ሲማር፣ ድጓ ሲቀጽል የነበረ። ለፋሲካ ወደ ቤት ስመጣ የበራችን ማጠፊያ ተሰብሮ አገኘሁት፤ ይዤው ወረድሁ። ወንድሜ የብየዳ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሁለት ቁራጭ ብረት ፊቱ አስቀምጦ፣ ተንበርክኮ ነበር። ከሰውየው ጋር ብዙ ዘመን የሠራ፣ ጢሙ የሸበተ ሌላ በያጅ በአጠገቡ ቆሞ ያየዋል።

“ዲያቆን፣ ያቺን ብረት ባረክሃት ወይስ በየድሃት?”

“ይዛለች እኮ፣ አያ።”

“ይዛለች።” ሽማግሌው በያጅ በመዶሻ ነካ ሲያደርጋት ለሁለት ወደቀች። “በል እንደገና፤ አሁን ሃሌ ሉያውን ቀንሰህ እሳቱን ጨምር።”

ወንድሜ አየኝና ተነሣ። “እታለም፣ መጣሽ? አባየ ናቸው የላኩኝ።”

“ለምን ላኩህ?”

“ዘመድ ነው ብለው ነዋ። ዘመዳችን ነው፣ ያስተምርሃል፣ እዚያ ከደረሰ ደግሞ ያስጠራሃል አሉኝ።” ይህን ያለው በንጹሕ ልብ ነው። ወንድሜ ሐሰት አይናገርም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። ዘመድነቱ የተቆጠረበትን ቀን አያውቅም ነበር፤ ያኔ ለትምህርት ዋድላ ሄዶ ነበር።

ሰውየውን አየሁት። ማጠፊያውን ከእጄ ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አዙሮ ይመረምረዋል።

“ተቀበልኸው?”

“ምን ልበል፣ እኅቴ? ሥጋ ነው ተባልሁ። ሥጋ ይባረራል?” ከዚያ ለወንድሜ፣ “ክንድህን አታወዛውዝ፤ ክርንህን ጉልበትህ ላይ አሳርፈው” አለው። በደንብ ያስተምረው ነበር። እንዲህ መሆኑ ነው የባሰብኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አባቴ ምሳ ጠሩት። የእኛን በር የሠራው ሰው በዚያ በር በእንግድነት ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዘመዶች ጋር፣ ከአጎቴ ቀጥሎ፣ በአባቴ ትይዩ አስቀመጡት። አቅርቤ ቆምሁ። አባቴ ባረኩ፤ ከወጡ በእንጀራ ጠቅልለው በእጃቸው አጎረሱት። የቀጥቃጭ ልጅ በአባቴ እጅ ሲጎርስ አየሁ። ማንም ምግቡን አልሸፈነም።

“ልጄ፣ እንግዲህ ወንድምህን አደራ” አሉት። “አንተ ቀድመህ ደርሰህ ቦታውን ታይለታለህ። በሰው አገር ሥጋ ነው የሚረዳ።”

“እግዚአብሔር ይርዳን፣ መሪጌታ።”

“ዘመድነታችን የሩቅም አይደል” አለ አጎቴ፤ ጠላው ደስ ብሎታል። “እኔ ገና ሳየው የእኛ ፊት አለው ብያለሁ። አፍንጫውን እዩት።”

“አፍንጫው የእናቱ ነው” አልሁ። “እናቱን አይቻቸዋለሁ።”

አጎቴ ጎረሰ። ጠላ የምቀዳበትን እንሥራ አስቀመጥሁ።

“አባየ፣ በስንተኛው ቤት ነው የምንገናኘው?”

አባቴ ወደ ላይ አላዩኝም። “ይህ የማዕድ ጥያቄ አይደለም።”

“የሚጠየቅበትን ቦታ ይንገሩኝና እዚያ እጠይቃለሁ።”

“ልጄ” አሉ፣ በጣም በዝግታ፣ “የተማርሽ ሰው ነሽ። እንግዳ አለ።”

“እንግዳ አይደለም፤ ዘመድ ነው አሉኝ።”

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ፤ በቃሽ የሚል አስተያየት ነበር። በቃኝ። ውሃ አምጥቼ እጃቸውን አስታጠብሁ።

ስሸኘው በሩ ላይ ቆመ። የጠገነውን ማጠፊያ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ከዚያ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እኅቴ ሳይለኝ ተናገረ።

“የምሄደው ዘመን ሳይለወጥ ነው። ከመሄዴ በፊት ብንጋባ በሕጋቸው ትከተይኛለሽ። ጠይቄያለሁ። እዚያ ከዜሮ ነው የምትጀምሪው፤ ይህንንም ጠይቄያለሁ።”

“ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርም።”

“አይሆንም። እኔ ሄድሁ፣ አንቺም ሄድሽ። እናቴ ግን ሙጃ ትቀራለች። የቀጥቃጭ ሚስት ሲሏት ኖራለች፤ ለምዳዋለች። ልጅሽ እኅቱን አገባ ሲሏት ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቀራለች። ይህን አላደርግባትም።” በሩን ዘጋ ከፈተ፤ አልጮኸም። “ወንድምሽን እንደሆነ ዘመድ ሆነም አልሆነም የምችለውን አደርግለታለሁ፤ እጁ እየመጣ ነው። ለአንቺ ግን ቃሉ መነሣት አለበት። ወይ ይነሣ፣ ወይ ይጽና። እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይዤው አልሄድም።”

እኔም እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይዤው አልቀርም።

አባቴ፣ ይህን የምጽፈው ለሌሎች አንባቢዎች ቢሆንም የመጨረሻው ክፍል ለእርስዎ ነው። አልጮኽሁብዎትም፤ ሰው ፊትም አላዋረድሁዎትም፤ ስምዎን አልጻፍሁም። ቁጣዬን እንዲያበርዱልኝ አልለምንም። ይቅርታም አልጠይቅዎትም፤ እንዲሰጡኝም ሆነ እንድሰጥዎ። በአንድ ቃል ሁለት ነገር አግኝተዋል። ሴት ልጅዎን ለቀጥቃጭ ልጅ አልሰጡም፤ ወንድ ልጅዎን ደግሞ ለቀጥቃጭ ልጅ አስረከቡ። አንዱ ዘመድነት ለሁለቱም አይበቃም። ዘመድ ከሆንን ዘር ቆጣሪነትዎ ያስገድድዎታል፤ ማሳየት አለብዎት። ካልሆንን ደግሞ በሰሙት ሰዎች ፊት ቃሉን ማንሣት አለብዎት። ትልቁ ሽማግሌ ዐርፈዋል። ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር ይኖራሉ፤ አንዳቸው ጆሮአቸው ከብዷል፣ ስለዚህ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉላቸው።

የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሁለቱን እጠራቸዋለሁ። እናቱም ከሙጃ ይመጣሉ። በዚያ ቀን፣ በእነሱ ፊት፣ ይህን ብቻ ይመልሱልኝ፦ እኔና ይህ ሰው የምንገናኝበት አያት ማን ይባላሉ፣ ወንድ ናቸው ወይስ ሴት፣ በስንተኛው ቤት? አንድ ስም ይስጡኝ፤ ወይም “የለም” ይበሉ።